ፊዚክስን አንደኛ ምርጫ አድርጎ መሙላት ያዋጣል ወይ? ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አምና 12ኛ ክፍል ያስተማርኳት ተማሪ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት እያጠናቀቀች ነው፤ የትምህርት ክፍል ምርጫ የምትሞላበት ቀን ተቃርቧል። ውጤቷ ምህንድስናም ሶፍትዌርም ያስገባታል። እሷ ግን ፊዚክስን አንደኛ ቁጥር ላይ ልትጽፍ ቆርጣለች። ቤተሰቡ ተጨንቋል። አባቷ ደውለው ልጅቷን ከዚህ ሐሳብ እንድመልስላቸው ለመኑኝ።

ልመልሳት አልፈልግም። በባዶ ሜዳ አይዞሽ ልላትም አልፈልግም። ስለዚህ እዚህ የውይይት መድረክ ላይ ጠየቅሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ፊዚክስ ሥራ የለውም የሚለው ወሬ ሥር የሰደደው፣ ሰው ዲግሪውን ራሱን እንደ ሙያ ስለሚቆጥረው ነው። ሕክምና የተማረ ሐኪም ይባላል፤ ሕግ የተማረ ዳኛ ወይም ጠበቃ ይሆናል። ፊዚክስ የተማረ ግን፣ ከመምህርነት በቀር፣ በዲግሪው ስም የሚጠራ የሥራ መደብ እምብዛም አያገኝም። ሙያው የሚለየው 3ኛና 4ኛ ዓመት ላይ በሚመረጡት ኮርሶች፣ በመመረቂያ ጽሑፉና ከምረቃ በኋላ በሚጨመረው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ይህን ለተማሪው በጊዜው የሚነግረው ሰው የለም። ጥያቄዬም ይኸው ነበር፦ ፊዚክስ የተማራችሁ ዛሬ ምን ትሠራላችሁ? ወደዚያስ ያደረሳችሁ የትኛው ምርጫ ነው?

መልሱ ጎረፈ። ብዙዎቹ ረጅም ናቸው፤ ስማቸውና መሥሪያ ቤታቸው እንዳይታወቅ የጠየቁም አሉ። ስለዚህ ተራ ቁጥራቸውን ጠብቄ ፍሬ ነገሩን በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ።

1ኛውን መልስ የጻፉት በጡረታ ላይ ያሉ አንጋፋ መምህር ናቸው። ከሰላምታና ከምርቃት በኋላ በአቋሜ ተስማሙ፤ ነገር ግን መምህርነትን በአንድ ሐረግ ማለፌን አልወደዱትም። በኢትዮጵያ ፊዚክስ የተማረ ሰው ከሁሉ የሚሰፋው በር አሁንም ማስተማር እንደሆነ፣ ይህንንም እንደ መጨረሻ መጠጊያ ሳይሆን እንደ ሙያ ለልጅቷ እንድነግራት አሳሰቡኝ። ሁለቱን መንገዶችም ለይተው አስረዱ። አንደኛው ፊዚክስን በንጹሕ ሳይንስነቱ ተምሮ ከተመረቁ በኋላ የማስተማር ዲፕሎማ መጨመር ነው። ሁለተኛው ከመነሻው የመምህርነት ዲግሪ በሚሰጥበት፣ ለምሳሌ በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ፣ ፊዚክስንና የማስተማር ጥበብን ጎን ለጎን መማር ነው። የመጀመሪያው በኋላ ሐሳብን ለመቀየር ቦታ ይተዋል፤ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የሚያቆም ጉልበት ቀድሞ ይሰጣል። ትክክል ናቸው።

2ኛው አጭር እርማት ነው። የመምህራን ሥልጠና ሥርዓቱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ የዛሬ አሥር ዓመት የነበረውን ይዞ ማንም እንዳይመክር አሳሰበ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለም፣ አራት ዓመት ተምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን በእጁ እንደማይዝ አስታወሰ። ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሆነው ይህን አያስቡትም።

3ኛው ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ጥያቄውን ስጽፍ የተመኘሁት እንዲህ ያለ መልስ ነበርና። የጻፈችው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል የምትሠራ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ናት። የካንሰር ሐኪሙ ዕጢው ምን ያህል ጨረር ማግኘት እንዳለበት ያዛል። ጨረሩ ከየትኛው አቅጣጫ፣ በምን ያህል ስፋት፣ ለስንት ጊዜ ቢለቀቅ ያ መጠን ዕጢው ላይ አርፎ የአከርካሪውን ነርቭ እንደማይጎዳ የምታሰላው ግን እሷ ናት። ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ከማሽኑ የሚወጣው ጨረር ከተቀመጠለት ልክ አለመዛነፉን ትለካለች። ከተዛነፈ ሕክምናው አይጀመርም፤ ከክፍለ ሀገር ዘመድ አስከትሎ የመጣ ታካሚም ቢሆን ይጠብቃል።

ስለ ኮባልት ማሽን የጻፈችውን ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ እነግራቸዋለሁ። የማሽኑ የጨረር ምንጭ የሆነው ኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 5.27 ዓመት ነው። እኛ ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስሌት እናሠራበታለን። እሷ ዘንድ ያው ቁጥር ሌላ ትርጉም አለው፦ ምንጩ ካልተቀየረ፣ ዛሬ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው ሕክምና ከአምስት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ታካሚው በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳይነቃነቅ መተኛት አለበት፤ ውጭ ያለው ወረፋም ይረዝማል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበረው የጨረር ሕክምና ማዕከል ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማና ሐረርን በመሳሰሉ ቦታዎች አዳዲስ ማሽኖች እየተተከሉ ነው። ማሽን በተተከለበት ሁሉ የፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ በደኅና ሊሠራ አይችልም።

4ኛው በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ እዚያ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። 5ኛው የባለሙያዋ ምላሽ ነው፤ አይቻልም። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሚመክረው፣ ከፊዚክስ ወይም ከተቀራራቢ የመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በሕክምና ፊዚክስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ውስጥ የተግባር ሥልጠና ነው። ልጅቷ ይህን መንገድ ከመረጠች ኑክሌር ፊዚክስን፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝምንና የኮምፒውተር ስሌትን ችላ ሳትል እንድትይዝ፣ ባዮሎጂንም እንዳትርቅ መክራለች።

6ኛው ኤሌክትሪካል መሐንዲስ ነው፤ እስከዚህ ድረስ የነበረው ጨዋ ድምፅ እዚህ ላይ ሻከረ። ምን ባይ ነው? ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ከመሄድ በቀጥታ ምህንድስና ብትማርስ? ክርክሩን ባዶ አላደረገውም። የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚጻፈው ኤሌክትሪካል ምህንድስና ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ ተብሎ ነው። ያን ተዛማጅ የሚለውን የሚተረጉመው ማመልከቻ ተቀባዩ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ፊዚክስ የሚለውን ሲያይ ፋይሉን ወደ ጎን ያደርጋል። መሐንዲሱ ይህን በዓይኑ አይቷል። እኔም የተማሪዎቼ ታላላቆች ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ተመራቂው ወረዳ ውስጥ የተተከለ የፀሐይ ኃይል ፓኔል ለምን እንደደከመ ማስረዳት ይችላል፤ መስኮቱን ግን አያልፍም።

7ኛዋ ለመሐንዲሱ መለሰች። እሷም የምህንድስና ምሩቅ ናት፤ ሥራ ፍለጋ የምትንከራተተው በዚያው በሚያሞግሰው ዲግሪ ነው። ማስታወቂያው የዲግሪዋን ስም ይጠራል፤ አንድ ቦታ ላይ የሚያመለክተው ሰው ብዛት ግን ተስፋ ያስቆርጣል። መሐንዲሱ ለዚህ አልመለሰም፤ ቢመልስ ደስ ይለኝ ነበር።

8ኛው በልኬት ሥራ የሚኖር ሰው ነው። ሥነ ልኬት ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቅ፣ ፊዚክስ በስሙ የሚፈለግበት መስክ ነው። የመድኃኒት ፋብሪካ ሚዛን፣ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር፣ የግፊት መለኪያ፣ ሁሉም በየጊዜው ከታወቀ መመዘኛ ጋር ተነጻጽሮ መረጋገጥ አለበት። የሥራ ክፍሉን ሲገልጽ እንዲህ አለ፦ መመዘኛው ክብደት በባዶ እጅ አይነካም። የጣት ወዝ ክብደት ስለሚጨምርበት በወረንጦ ወይም በጓንት ይነሣል። ከውጭ የመጣው ዕቃም የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ለሰዓታት ተቀምጦ ይጠበቃል፤ ከዚያ በፊት የሚመዘን ነገር የለም። ኪሎግራም ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ በተቀመጠ የብረት ቁራጭ ሳይሆን በፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ በማይለወጥ የኳንተም ፊዚክስ ቁጥር፣ እንደሚተረጎም፣ ኳንተም ፊዚክስ የተማረ ሰው ሥራው ላይ ይህን ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚደሰት ጨምሯል። ምክሩ፦ የስሕተት ስሌትን የሚያስተምረው የላቦራቶሪ ኮርስ ለማለፍ ያህል ብቻ የሚወሰድ አይደለም። ብዙ ተማሪ የሚንቀው ኮርስ የእሱ እንጀራ የሆነው ነው።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ስለ ኮምፒውተር ናቸው፤ ባጭሩ ላልፋቸው። ሁለቱ ፊዚክስ ተመርቀው ፕሮግራም በመጻፍ የሚኖሩ ናቸው። አንዷ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች በተባለው ነጻ ሥልጠና ጀምራ በራሷ ቀጥላለች። ሦስቱም የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ የፊዚክስ ተማሪ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከ2ኛ ዓመት ሳያልፍ መያዝ አለበት፤ የትምህርት ክፍሉ ቢያስተምረውም ባያስተምረውም።

12ኛው ስለ አየር ጠባይ ትንበያ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሜትሮሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ እንደሚያስተምር ጠቅሶ፣ ፊዚክስ የተማረም በር እንዳልተዘጋበት ገለጸ። በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መመዘኛ፣ በፊዚክስ ወይም በሒሳብ የተመረቀ ሰው ተጨማሪ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ወስዶ የአየር ጠባይ ባለሙያ መሆን ይችላል።

13ኛዋ የጂኦፊዚክስ ተማሪ ናት። አራት ኪሎ ካለው የጂኦፊዚክስ ተቋም ተነሥታ በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ስለሆነው ነገር ጻፈች። ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተከፈተ፤ ስፋቱም በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ደረሰ። የዓለም ሳይንቲስቶች ይህን ለማየት ወደ አፋር ይመጣሉ፤ የእኛ ተማሪ ግን ጂኦፊዚክስ የሚባል ምርጫ መኖሩን አያውቅም። ለሥራ ደግሞ ከመሬት መንቀጥቀጥ ክትትል ሌላ የከርሰ ምድር ውኃ ፍለጋ፣ የማዕድንና የእንፋሎት ኃይል ጥናት አለ።

መንቀጥቀጥ የሚለው ቃል እንደተነሣ ውይይቱ ከእጄ ወጣ። 14ኛው በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ውስጥ ሲሰማ አሥረኛ ፎቅ ላይ ምን እንደተሰማው ተረከ። 15ኛው ፎቅ ቤት መግዛት አሁን ያስፈራል ወይ ብሎ ጠየቀ። 16ኛው ስለ ሲሚንቶ ጥራት ረጅም ጽሑፍ አመጣ። 17ኛው መንቀጥቀጡ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል የሚል ወሬ ይዞ መጣ። የጂኦፊዚክሷ ተማሪ በ18ኛው ተመልሳ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንስ እስከ ዛሬ እንደሌለ በትዕግሥት አስረዳች። በዚህ አጋጣሚ ይህን ማወቋ ራሱ ፊዚክስ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል ብዬ ሁሉንም ወደ ጥያቄው መለስኳቸው።

ሲመለሱ ግን በቁጣ ነበር። 19ኛው ፊዚክስን መርጦ የገባ ሳይሆን ተመድቦ የገባ ሰው ነው። በ2001 ዓ.ም. ከተጀመረው ሰባ በመቶ ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ ከሚለው ድልድል በኋላ እንደ እሱ ያለ ብዙ ወጣት ባልፈለገው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሦስት ዓመት ተማረ፤ ኦሲሎስኮፕን፣ የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ያወቀው በሰሌዳ ላይ ተስሎ ነው። ዕቃው በካርቶን ውስጥ ነበር፤ የሚከፍተው ሰው አልነበረም። ተመርቆ ለዓመታት ሥራ ፈለገ፤ ዛሬ የሚሠራው ከተማረው ጋር አይገናኝም። ልጅቷን በሕልም እያሳሳትክ ነው ብሎ እኔንም ወቀሰኝ።

20ኛው ምሕረት የለሽ ነበር። ሰነፍ ተማሪ ሁሌም ዕቃ የለም ይላል፤ ቤተ መጻሕፍት ግን ነበረ፣ ብሎ ዘለፈው። 21ኛው ደግሞ 20ኛውን በኃይል ገሠጸው፤ በባዶ ክፍል የተማረን ሰው ሰነፍ ማለት ነውር ነው አለ። እኔም ከ21ኛው ጋር ነኝ። ያለ ፈቃዱ የተመደበ ወጣት ቁጣ ትክክለኛ ቁጣ ነው፤ እንዲያውም የዚህን ሁሉ ውይይት አስፈላጊነት ያጎላዋል። የእኔ ተማሪ ግን ወዳ ነው የምትገባው። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

22ኛው ዱላውን ለማብረድ ይመስላል የፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን ታሪክ አነሣ። በደርግ ዘመን በታሰሩበት ወህኒ ቤት ለእስረኞች ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩ፣ በኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ትውልድ ያፈሩ ሰው ናቸው። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት አክብሯቸዋል። 19ኛው መልሶ፣ እሳቸውን እንደሚያከብር፣ የአንድ ታላቅ ሰው ጽናት ግን የላቦራቶሪ ዕቃ ምትክ ሊሆን እንደማይገባ ጻፈ። ይህ 23ኛው መሆኑ ነው። ከቁጣው ሁሉ ይህኛው ቃሉ ልቤ ውስጥ ቀርቷል።

24ኛዋ አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድ የምትኖር፣ ልጇ ኮሌጅ የሚገባ እናት ናት። እዚያ ያለው አማራጭ ሰፋ ይላል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን በሁለት ዓይነት ዲግሪ ሊሰጥ ይችላል፦ አንደኛው ኮርሱ የጠበቀ፣ ወደ ዶክትሬት ለሚያመሩ የሚሆን፤ ሌላው ቀለል ያለ፣ ከሌላ ትምህርት ጋር አጣምሮ ሕክምና፣ ሕግ ወይም ማስተማር ለሚፈልግ የሚሆን። የምህንድስና ፊዚክስ የሚባልም አለ። ከተመራቂዎቹ ግማሽ ያህሉ ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ፤ ወደ ሥራ ከሚገቡት ብዙዎቹ በምህንድስናና በኮምፒውተር ዘርፍ ይገኛሉ። 25ኛው ሁለት ጠቃሚ ነገር ጨመረ። የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪ እዚያ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ እያስተማረ ወይም እየተመራመረ ደመወዝ ያገኛል። በተማሪ ቪዛ የሄደ የፊዚክስ ምሩቅም ከአንድ ዓመቱ የሥራ ፈቃድ በላይ 24 ወር ማራዘም ይፈቀድለታል።

26ኛው ከእስራኤል ነው። እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪው ሦስት ዓመት እንደሆነ፣ ፊዚክስን ከኤሌክትሪካል ምህንድስና ወይም ከኮምፒውተር ሳይንስ ጋር አጣምሮ መያዝ እንደሚቻል፣ ለመግባት ግን ሳይኮሜትሪክ የሚባለው ፈተና ብዙ የማኅበረሰባችንን ልጆች እንደሚያስቸግር ጽፏል። ስለ ጀርመን የመጣው 27ኛው አንድ መስመር ነው፦ ትምህርቱ በአብዛኛው ነጻ ቢሆንም ለቪዛ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብቻ በሚወጣበት ዝግ የባንክ ሒሳብ 11,904 ዩሮ ማሳየት ይጠየቃል። ለአንድ የደሴ መምህር ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

ስለዚህ 28ኛውን አብልጬ እወደዋለሁ፤ ገንዘብ ለሌለው ልጅ የተጻፈ ነውና። ጣሊያን ትሪዬስቴ ውስጥ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ምሩቃን ወጪያቸውን ችሎ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ያስተምራል። የዚሁ ማዕከል አጋር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኪጋሊ ውስጥ በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል። የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋምም ደቡብ አፍሪካና ሩዋንዳን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ተማሪ ይቀበላል። የጻፈው ልጅ ራሱ በዚህ በኩል አልፏል። ማመልከቻው ላይ ትልቁን ቦታ የያዘው የኮርስ ውጤቱ ሳይሆን ሁለት መምህራን በዝርዝር የጻፉለት የድጋፍ ደብዳቤ ይመስለዋል። ተማሪ ከመምህሩ ጋር በጥያቄ ካልተዋወቀ ያን ደብዳቤ ማን ይጽፍለታል?

29ኛው ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር በኑክሌር ኃይል ለመተባበር መስማማቷን አንሥቶ፣ ነገ ለፊዚክስ ምሩቅ ሥራ ይትረፈረፋል አለ። 30ኛው ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት፤ ስምምነት ከመፈረም የኑክሌር ማብላያው እስኪሠራ ድረስ ያለውን ዓመት አንድ ተመራቂ ያለ ደመወዝ አይጠብቅም፣ በዚያም ላይ ጣቢያው በብዛት የሚቀጥረው መሐንዲስና ቴክኒሻን ነው ብሎ። ከ31 እስከ 33 ባሉት ሁለቱ እየተዘላለፉ ቀጠሉ፤ አልፌዋለሁ። የጨረር መከላከልና ቁጥጥር ሥራ ግን ጣቢያ ቢኖርም ባይኖርም ዛሬም ያለ ነው፤ በየሆስፒታሉ ያለ የራጅ ክፍል ይፈተሻልና።

34ኛው ከአባቶች አንዱ ናቸው። ልጅ ያስተማሩ፣ ለዘር የሚሆን እህል ሸጠው የላኩ ሰው። ሁሉንም መልስ እንዳነበቡ፣ ያስደሰታቸውም ብዙ እንደሆነ፣ ግን ሁሉም መንገድ ከአራቱ ዓመት በላይ ሌላ ሁለትና ሦስት ዓመት እንደሚጠይቅ ልብ እንዳሉ ጻፉ። በእነዚያ ዓመታት ልጅቷን ማን ያበላታል? ይህን ጥያቄ ማንም በቁጣ ሊመልሰው አልደፈረም። 1ኛው መልስ ሰጪ፣ አንጋፋው መምህር፣ በ35ኛው መልሰው፣ ያን ክፍተት ብዙዎች የሚሻገሩት እያስተማሩ መሆኑን ጠቆሙ። ክረምት ክረምት ሁለተኛ ዲግሪ የተማሩ ባልደረቦቻቸውን ጠቅሰዋል። እውነት ነው፤ እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ክረምቱም ዕረፍቱም ይበላል።

ለአባቷ ደውዬ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፤ 34ኛውንም ሳልደብቅ። ፊዚክስ አንደኛ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ሁለተኛ ሆኖ እንዲሞላ ተስማምተዋል። በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ 2ኛ ዓመቷ ከማለቁ በፊት ወደ የትኛው መስክ እንደምታመራ ወስና ትነግራቸዋለች። እሷ የ3ኛዋን መልስ ደጋግማ አንብባለች። በጨረር ሕክምና የምትሠሩ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉት አዳዲስ ማዕከላት ያላችሁ፣ ለክረምት ተማሪ ሥራችሁን ቀርቦ እንዲያይ የምትፈቅዱ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። ደብዳቤውን ከትምህርት ቤቱ እኔ አጽፋለሁ።